የአባቴ ክሬያቲኒን ጤናማ ከሆነ ሲስፕላቲን ለምን ተከለከሉ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው 58 ኪሎ፣ ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር ነው። ሽንታቸው ደም እየቀላቀለ ሲያስቸግራቸው ተመርምረው የሽንት ፊኛ ካንሰር ተገኘባቸው፤ በናሙናው ምርመራም ዕጢው ወደ ፊኛው ጡንቻ ዘልቆ መግባቱ ታወቀ። ፊኛው በቀዶ ሕክምና ከመውጣቱ በፊት ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት የያዘ ኬሞቴራፒ እንደሚወስዱ ተነግሮን ነበር። የላቦራቶሪው ወረቀት ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ዝቃጭ) 1.1፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ 71 ሚሊ ሊትር ይላል፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውም ‹ጤናማ› የሚል ነው። የካንሰር ሐኪማቸው ግን በራሳቸው ስሌት 50 አግኝተው፣ ከ60 በታች ስለሆነ ሲስፕላቲን አይሰጣቸውም አሉን። በሲቲ ስካኑ የግራ ኩላሊታቸው ሽንት ቋጥሮ በመጠኑ መስፋቱ ተጽፏል፤ ለሽንት ኢንፌክሽንም ኮትራይሞክሳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች እውነተኛው የቱ ነው?»

ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ላቦራቶሪውም ሐኪሙም በስሌት አልተሳሳቱም፤ በተለያየ ቀመር ስላሰሉ የተለያየ መልስ አገኙ። ነገር ግን 71ም ሆነ 50 ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ለመዳን ተስፋ የሚሰጥ ሕክምና በአንድ ቀን ደም ላይ በተሠራ አንድ ግምት ብቻ መከልከል የለበትም፤ በዚያው ልክ ደግሞ «ክሬያቲኒኑ ጤናማ ነው» በሚል ቃል ብቻ መፈቀድ የለበትም። የኩላሊት ሐኪም እንደመሆኔ ከካንሰር ሐኪሞች አዘውትሮ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። አባትዎን አልመረመርኳቸውምና ውሳኔው የሚያክሟቸው ሐኪሞች ነው፤ ይሁን እንጂ በጻፉልኝ ውስጥ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት መጣራት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ አንቲባዮቲኩ፣ ሁለተኛውም የግራ ኩላሊታቸው ነው።

በመጀመሪያ ሐኪሙ ለምን እንደተጠነቀቁ መረዳት ያስፈልጋል። ሲስፕላቲን ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው፤ ሲወጣም እንዲሁ አያልፍም። የኩላሊት ጥቃቅን ቱቦዎች ሕዋሳት ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ከደም ለመቀበል በተፈጠረላቸው መተላለፊያ ወደ ውስጣቸው ይስቡታል፤ እዚያም በደም ውስጥ ካለው እጅግ በላቀ መጠን እየተከማቸ ሕዋሳቱን ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በቀናት ውስጥ ክሬያቲኒን ከፍ በማለቱ ነው፤ ከዚህ ሌላ ማግኒዚየምና ፖታሲየም በሽንት እንዲባክኑ ያደርጋል፤ ከየዙሩ የሚቀረው ጉዳትም እየተደራረበ ሊሄድ ይችላል። ኩላሊቱ ቀድሞውኑ የደከመ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚዘገይ የመስማት ችሎታን፣ የእጅና የእግር ነርቮችንና የደም ሕዋሳትን የመጉዳት ዕድሉ ይጨምራል።

በሌላው ወገን ያለው ክብደትም ቀላል አይደለም። ወደ ፊኛው ጡንቻ ለገባ ካንሰር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲስፕላቲን ያለበትን ኬሞቴራፒ መስጠት፣ ቀዶ ሕክምናውን ብቻ ከማድረግ ጋር ሲነጻጸር፣ ከ100 ታካሚዎች 5 ያህል ተጨማሪ ሰዎች 5 ዓመት በሕይወት እንዲቆዩ እንደሚያስችል የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተና አሳይቷል። የሲስፕላቲን ዘመድ የሆነውና ለኩላሊት የማይከብደው ካርቦፕላቲን ከቀዶ ሕክምና በፊት ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ አንዱን በሌላው መተካት እንደ ቀላል ለውጥ ሊታይ አይገባም። ደግሞም ጊዜው አሁን ነው። ፊኛው ከወጣና ሽንት በአንጀት በተሠራ መተላለፊያ መውረድ ከጀመረ በኋላ የማጣራት አቅም የመቀነስ አዝማሚያ ስላለውና ማገገሚያውም ረጅም ስለሆነ፣ ዛሬ ሲስፕላቲንን የሚችሉ ብዙ ታካሚዎች ያኔ አይችሉትም።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ክሬያቲኒን ከጡንቻ ውስጥ ያለማቋረጥ ወደ ደም የሚገባ ዝቃጭ ሲሆን፣ ኩላሊት ከደሙ እያጣራ በሽንት ያስወግደዋል። በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን እንግዲህ የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ ምን ያህል ተመረተ፣ ምን ያህልስ ተጣራ። ጡንቻው የዳበረ የ30 ዓመት ጎልማሳና ሰውነታቸው የሳሳ የ72 ዓመት አዛውንት ሁለቱም ክሬያቲኒናቸው 1.1 ቢሆን፣ ጎልማሳው ብዙ አምርቶ ብዙ ያጣራል፤ አዛውንቱ ግን ጥቂት አምርተው ጥቂት ያጣራሉ። ላቦራቶሪው ለሁለቱም የሚጽፈው «ጤናማ» ብሎ ነው። የማጣራት አቅም ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ በአማካይ በየዓመቱ 1 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ያህል እንደሚቀንስና የፊኛ ካንሰር በአብዛኛው የአዛውንቶች በሽታ እንደሆነ ስናስብ፣ የክሬያቲኒን ቁጥር ብቻውን ለዚህ ውሳኔ ለምን እንደማይበቃ ግልጽ ይሆናል። ቀመሮቹ የተፈጠሩትም ይህንን ጉድለት ለማረም ነው።

ሐኪሙ የተጠቀሙት በ1976 የወጣውን የኮክሮፍት-ጎልት ቀመር መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ልክ ይገጥማልና። ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፤ 68 ይሆናል። በክብደት ሲባዛ 3944 ይመጣል። ይህ ለ72 እና ለክሬያቲኒኑ ብዜት፣ ማለትም ለ79.2 ሲካፈል 49.8 ይሆናል፤ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ውጤቱ በ0.85 ይባዛ ነበር። ቀመሩ የተሠራው ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች በሆኑ 249 ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ያኔ ክሬያቲኒን የሚለካበት ዘዴ እንደ ዛሬው በአንድ መለኪያ አልተስተካከለም ነበር። ዕድሜን በቀጥታ እየቀነሰ ስለሚሄድ በአዛውንቶች፣ በተለይም ቀጭን በሆኑት ላይ፣ የማጣራት አቅምን ዝቅ አድርጎ የመገመት ዝንባሌ አለው። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ ጥናቶች ታካሚዎቻቸውን የመረጡት በዚህ ቀመር ስለሆነ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ሥር ሰድዶ ቆይቷል።

ላቦራቶሪው የተጠቀመው በ2021 የተሻሻለውን ሲኬዲ-ኢፒአይ የተባለ ቀመር ይመስለኛል፤ በዚያ ስሌት የአባትዎ ውጤት በትክክል 71 ይመጣል። ይህ ቀመር የክብደትን ቁጥር አይጠይቅም፤ ውጤቱንም የሚሰጠው የቆዳው ስፋት 1.73 ካሬ ሜትር ለሆነ አንድ አማካይ አካል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የአባትዎ አካል ከዚያ አማካይ ያነሰ ነው፤ በቁመታቸውና በክብደታቸው ሲሰላ 1.63 ካሬ ሜትር ይሆናል። ኩላሊታቸው በእርግጥ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጣራ ለማወቅ 71ን በ1.63 አባዝቶ ለ1.73 ማካፈል ያስፈልጋል፤ 67 ያህል ይመጣል። የኮክሮፍት-ጎልት 50 ግን ከመነሻው በራሳቸው አካል ልክ የተሰላ ነው። ስለዚህ 50ን ማነጻጸር የሚገባው ከ71 ጋር ሳይሆን ከ67 ጋር ነው፤ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ 60 የተባለው መስመርም በመካከላቸው እንዳለ ነው።

እኔ በግሌ ለመነሻ የምይዘው አዲሱን ቀመር በታካሚው አካል ልክ ካስተካከልኩ በኋላ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ደስ የሚለንን ቁጥር እየመረጥን እንዳንይዝ ተቃራኒውን ምሳሌ አስቀምጣለሁ። የ74 ዓመት ሴት ናቸው እንበል፤ ክብደታቸው 45 ኪሎ፣ ቁመታቸው 155 ሴንቲ ሜትር፣ ክሬያቲኒናቸው 0.6 ነው። አዲሱ ቀመር 94 ይላል፤ በአካላቸው ልክ ሲስተካከል 76 ይሆናል፤ ኮክሮፍት-ጎልት ደግሞ 58 ያደርሰዋል። እኚህ ሴት በሕመም ምክንያት ለወራት አልጋ ላይ ውለው ጡንቻቸው የከሳ ከሆነ፣ 0.6 የመጣው ኩላሊቱ ስለበረታ ሳይሆን የሚያመርት ጡንቻ ስለጠፋ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ሦስቱም ቁጥሮች ከእውነቱ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ታካሚ ሲላክልኝ ከወረቀቱ በፊት ክንዳቸውንና ጭናቸውን አያለሁ፤ በቅርቡ ምን ያህል እንደከሱ፣ ምግባቸው እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀመር ይህንን አያይምና።

አሁን ወደ አንቲባዮቲኩ ልምጣ፤ በአባትዎ ጉዳይ ላይ ይህ ትልቅ ቦታ አለው። ኮትራይሞክሳዞል በውስጡ ትራይሜቶፕሪም የተባለ መድኃኒት አለው። ክሬያቲኒን በማጣራት ብቻ ሳይሆን በከፊል በኩላሊት ቱቦዎች ተገፍቶም ወደ ሽንት ይገባል፤ ትራይሜቶፕሪም ይህንን ሁለተኛ መንገድ ይዘጋዋል። ኩላሊቱ እንደ ቀድሞው እያጣራ ሳለ በደም ውስጥ ያለው ክሬያቲኒን ከፍ ይላል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የአባትዎ ክሬያቲኒን ያለ መድኃኒቱ 0.9 ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? በዚያው በኮክሮፍት-ጎልት 3944 ለ64.8 ሲካፈል 60.9 ይሆናል። ሐኪሙ በተጠቀሙበት ቀመር፣ በዚያው ሰው፣ በዚያው ኩላሊት፣ ክልከላው ወደ ፈቃድ ይለወጣል ማለት ነው። 0.9 ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም፤ ጨርሶ ላይወርድም ይችላል። ነገር ግን ይህንን ሳያጣሩ መወሰን አይገባም። አንቲባዮቲኩን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ሐኪሙ ክሬያቲኒን በማያሳስት ሌላ መድኃኒት እንዲለውጡላቸው ወይም ኮርሱ ሲያልቅ ደሙ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።

ትራይሜቶፕሪም የሚያሳስተው መለኪያውን ነው። ኩላሊቱን ራሱን የሚጫኑ ነገሮችም አሉና ደሙ በተወሰደበት ሰሞን የሆነውን ሁሉ ማስታወስ ይጠቅማል። ለሲቲ ስካን ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተወግቷል ወይ? ዕጢው ከፊኛው ሲቦረቦር ብዙ ደም ፈስሷል ወይ? ለሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ተወስዷል ወይ? ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል ወይ? ታካሚው ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረባቸው ወይ? ቀመሮቹ ሁሉ የሚሠሩት ክሬያቲኒን በረጋበት ጊዜ ነው፤ እየወጣ ወይም እየወረደ ባለ ቁጥር ላይ የተሠራ ስሌት ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ቢያንስ ሁለት ተቀራራቢ ውጤቶች ሳላይ አስተያየት የማልጽፈው። የሽንት ምርመራውንም በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን የኩላሊት በሽታ ምልክት ቢሆንም ከዕጢው የሚፈስስ ደም ራሱ ፕሮቲን ስላለው፣ ሽንታቸው በደም በቀላበት ቀን የወጣን ውጤት ይዞ ኩላሊትን መውቀስ አይቻልም።

የግራ ኩላሊታቸው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ነው። ሽንት ከእያንዳንዱ ኩላሊት በቀጭን ቱቦ ወርዶ ወደ ፊኛው በአንዲት ጠባብ አፍ ይገባል። ዕጢው በዚያች አፍ ላይ ወይም በአጠገቧ ሲያድግ ሽንቱ መውረጃ ያጣል፤ ወደ ኋላ ይቋጠራል፤ ኩላሊቱም ከውስጥ ይሰፋል። ሃይድሮኔፍሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። የቋጠረው ሽንት ግፊት ማጣሪያዎቹን ይቃወማል፤ ወደ ኩላሊቱ የሚመጣው ደም ይቀንሳል፤ ሳምንታት ሲቆጠሩም ሊመለስ ይችል የነበረው ጉዳት ወደማይመለስ ጠባሳ ይለወጣል። ቀኙ ኩላሊት ሥራውን ስለሚሸፍን ክሬያቲኒን ከጤናማው ክልል ሳይወጣ ግራው ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል። የዚህ ችግር ልዩ ባሕርይ በጊዜ ከተደረሰበት የሚጠገን መሆኑ ነው። የ72 ዓመት ዕድሜን መቀነስ አንችልም፤ የተዘጋን መውረጃ ግን መክፈት እንችላለን።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የግራ ኩላሊት ምን ያህል እንደሰፋ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደተረፈ ነው። አልትራሳውንድ የኩላሊቱን ሥጋ ውፍረት ያሳያል፤ ሥጋው ሳስቶ ወረቀት ከመሰለ መዘጋቱ የቆየ ነውና ቢከፈት እንኳ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በኒውክሌር ሕክምና የሚሠራ የኩላሊት ምርመራ ደግሞ ከጠቅላላው ሥራ ቀኙ ስንት እጅ፣ ግራው ስንት እጅ እንደሚሠሩና ሽንቱ በእርግጥ መታገዱን ያሳያል። ግራው ገና የሚሠራ ሆኖ የማጣራት አቅሙ በ60 መስመር ዙሪያ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ከኬሞቴራፒው በፊት ማስተንፈስ በእኔ አመለካከት ሊሞከር የሚገባው ነው። አንዱ መንገድ በፊኛው በኩል ስቴንት፣ ማለትም መውረጃውን ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ፣ ወደ ሽንት ቱቦው ማስገባት ነው፤ ሆኖም ዕጢው አፏን ከሸፈናት ስቴንቱ ላይገባ ይችላል፤ በዕጢው ውስጥ ማሳለፉም የካንሰር ሕዋሳትን ወደ ላይ ሊያሻግር ይችላል የሚል ስጋት አለ። ሁለተኛው ኔፍሮስቶሚ ሲሆን፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ከጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ኩላሊቱ ይገባና ሽንቱ ወደ ውጭ ከረጢት ይወርዳል። ለታካሚው ምቾት የለውም፤ ነገር ግን ብዙ የሽንት ቀዶ ሐኪሞች በዚህ ሁኔታ የሚመርጡት እርሱን ነው። ቱቦው ከገባ በኋላ ክሬያቲኒን በየጥቂት ቀኑ እየታየ ሲረጋ ነው ዳግም የሚሰላው። መጠነኛ መስፋት ያለበት ሁሉ ቱቦ ይግባለት ማለቴ ግን አይደለም፤ አቅሙ በቂ ከሆነና ኢንፌክሽን ከሌለ በቅርበት እየተከታተሉ መቀጠል ይቻላል። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ግን ኬሞቴራፒው ነጭ የደም ሕዋሳትን ባወረደበት ሳምንት ለሕይወት የሚያሰጋ የደም መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አባትዎ አሁን የሽንት ኢንፌክሽን እየታከሙ መሆናቸው ይህንን ጥያቄ ያከብደዋል።

እነዚህ ሁለቱ ከተጣሩ በኋላም ግምቶቹ በመስመሩ ግራና ቀኝ ከቆሙ ወደተሻለ መለኪያ መሄድ ነው። ኬዲጎ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ክሬያቲኒን ብቻውን በማይታመንበት ሁኔታ ከሲስታቲን ሲ ጋር ተጣምሮ እንዲሰላ፣ ውሳኔው የበለጠ እርግጠኛነት የሚጠይቅ ሲሆን ደግሞ የማጣራት አቅም በቀጥታ እንዲለካ ይመክራል። ሲስታቲን ሲ ከሞላ ጎደል በሁሉም የሰውነት ሕዋሳት የሚመረት ፕሮቲን ስለሆነ በጡንቻ ብዛት እምብዛም አይወሰንም፤ ትራይሜቶፕሪምም አይነካውም። እርሱም የራሱ ድክመት አለው፤ የታይሮይድ መዛባት፣ ብርቱ ብግነት፣ ሲጋራ ማጨስና እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ ስቴሮይዶች ቁጥሩን ይለውጡታል። ዴክሳሜታሶን ለማቅለሽለሽ ከኬሞቴራፒው ጋር ስለሚሰጥ ደሙ መወሰድ ያለበት ከእርሱ በፊት ነው።

በቀጥታ መለካት ማለት በኩላሊት ብቻ የሚወጣ ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ አዮሄክሶል፣ በደም ሥር ተወግቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በሚወሰዱ የደም ናሙናዎች ምን ያህል እንደቀነሰ ማየት ነው። በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚደረግም አለ፤ ከዚህም ውስጥ በደም ናሙና የሚሰላው በካሜራ ምስል ብቻ ከሚገመተው ይልቅ ይታመናል። ይህ የሚገኝ ከሆነ ለአባትዎ ዓይነት ታካሚ ተገቢው ምርመራ እርሱ ነው።

ብዙ ቦታ እንደ አማራጭ የሚታዘዘው የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ነው። በመርህ ደረጃ ጥሩ ነው፤ በፊኛ ካንሰር ታካሚዎች ላይ ግን በቀላሉ ይበላሻል፤ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ በየሰዓቱ ይነሣሉ፤ ሌሊት ማሰሮው ይረሳል። መሟላቱን ማረጋገጫው በተጠራቀመው ሽንት ውስጥ ያለው የክሬያቲኒን ድምር ነው። 58 ኪሎ የሚመዝኑ ወንድ በቀን 400 ሚሊ ግራም ብቻ ካመጡ በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነውና ለዕድሜያቸውም ቢሆን እጅግ ጥቂት ነው፤ ስሌቱ 25 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይላል፤ እውነቱ ግን ከሽንቱ ግማሽ ያህሉ ፈስሶ መቅረቱ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ኔፍሮስቶሚ ያላቸው ታካሚ 31 የሚል ውጤት ይዘው ወደ እኔ ተላኩ፤ ሲስፕላቲኑም ቀርቶባቸው ነበር። ሽንቱን እንዴት እንዳጠራቀሙ ስጠይቃቸው በዕቃው ውስጥ የጨመሩት በተፈጥሮ መንገድ የሚወጣውን ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ የከረጢቱን በየጊዜው ሽንት ቤት ውስጥ ያፈሱት ነበር። ከረጢቱንም ጨምሩ ያላቸው ሰው አልነበረም። ሁለቱንም አድርገው ሲደግሙት 58 መጣ። አባትዎ ቱቦ ከገባላቸው ይህንን ያስታውሱ።

አሁን 60 የተባለውን መስመር ልመልከት። በ2011 የካንሰር ባለሙያዎች ቡድን ለሲስፕላቲን የማይመቹ ታካሚዎችን መለያ የጋራ መስፈርት አወጣ፤ ከአምስቱ አንዱን ያሟላ ሁሉ እንደማይመች ይቆጠራል። መስፈርቶቹ ከ60 በታች የሆነ የማጣራት አቅም፣ የሰውነት አቅም መድከም፣ ጎላ ያለ የመስማት ችግር፣ ጎላ ያለ የነርቭ ጉዳትና ከባድ የልብ ድካም ናቸው። 60 የተመረጠው ጥናቶች ታካሚዎችን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመርጡ ነው፤ 61 ላይ ደኅና የሆነ ኩላሊት 59 ላይ ይወድማል ማለት አይደለም። በተግባር ብዙ ሐኪሞች በ50 እና በ60 መካከል ላሉ፣ አንዳንዴም እስከ 40 ድረስ ላሉ ታካሚዎች፣ መጠኑን ለሁለት ከፍለው ይሰጣሉ። ጄምሲታቢን ከተባለው ሌላ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር የተለመደው የሲስፕላቲን መጠን በካሬ ሜትር 70 ሚሊ ግራም ነው፤ ለአባትዎ 114 ሚሊ ግራም ያህል መሆኑ ነው። ይህንን በአንድ ቀን በመስጠት ፈንታ 57 ሚሊ ግራም በሁለት የተለያዩ ቀናት መስጠት ይቻላል። ውጤቱ በ2024 የታተመውና ዱርቫሉማብ የተባለውን የበሽታ መከላከያ ኃይል የሚያነቃቃ መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የጨመረው ናያጋራ የተባለው ትልቅ ጥናት የማጣራት አቅማቸው ከ40 ጀምሮ የሆኑትን ተቀብሎ፣ ከ60 በታች ለነበሩት ሲስፕላቲኑን በዚህ መልክ ከፍሎ ሰጥቷል። ስለዚህ የአባትዎ እውነተኛ ቁጥር 50 ሆኖ ቢገኝ እንኳ ውይይቱ አያበቃም፤ «ተከፍሎ ቢሰጥስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ሌሎቹ አራት መስፈርቶችም ተመርምረው ከሆነ ነው፤ የመስማት ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና።

ቁጥሩ ከ40 በታች ከወረደ ሲስፕላቲንን አልመክርም። ያኔ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ ወይም በኩላሊት ላይ ያልተመሠረቱትን አዳዲስ መድኃኒቶች መመልከት ነው። ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው ታካሚዎች ኤንፎርቱማብ ቬዶቲንና ፔምብሮሊዙማብ በአንድነት ሲሰጡ በ2023 የተገኘው ውጤት ከፕላቲነም ኬሞቴራፒው በግልጽ የላቀ ነበር፤ ጥናቱም የማጣራት አቅማቸው እስከ 30 የወረደውን ተቀብሏል። ካርቦፕላቲን በሚሰጥበት ጊዜም ቢሆን የቀመሩ ምርጫ አይቀርም፤ መጠኑ የሚወሰነው በ1989 በወጣው የካልቨርት ስሌት፣ በማጣራት አቅሙ ላይ 25 ጨምሮ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲደርስበት በሚፈለገው ደረጃ በማባዛት ነው። ደረጃው 5 ቢሆን፣ በ50 ሲሰላ 375 ሚሊ ግራም፣ በ67 ሲሰላ 460 ሚሊ ግራም ይመጣል።

ሲስፕላቲን ከተፈቀደ ከየዙሩ በፊት ክሬያቲኒን፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም መታየት አለባቸው፤ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላም በቂ የጨው ፈሳሽ ከማግኒዚየም ጋር በደም ሥር ይሰጣል። እርስዎ ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት ትልቁ ነገር ክብደታቸውን በየጠዋቱ መመዘንና የሚጠጡትን መከታተል ነው፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ትውከት በርትቶ መጠጣት ካቃታቸው እስከ ቀጠሮው ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው። ለሕመም አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን እንዳይወስዱ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸውም በትውከት ቀናት መቀጠል አለመቀጠሉን ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ማጣራት ወራት መብላት የለበትም። ካንሰሩ በታወቀበትና ፊኛው በወጣበት ቀን መካከል ያለ ሕክምና ከ12 ሳምንት በላይ ማለፉ ውጤቱን እንደሚያበላሽ ይታወቃል፤ ስለዚህ ምርመራዎቹ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጎን ለጎን ይሂዱ። አንቲባዮቲኩ በሚለወጥበት ቀን አልትራሳውንዱ ሊነሣ ይችላል፤ ሲስታቲን ሲ ዛሬውኑ ሊወሰድ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ክሬያቲኒኑ ይደገማል፤ የሽንት ቀዶ ሐኪሙም በዚያው ሳምንት ውስጥ ስለ ግራው ኩላሊት አስተያየታቸውን ሊሰጡ ይችላሉ። ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ስትገናኙ 50ን ይዛችሁ አትከራከሩ፤ የመጨረሻው ቁጥር የሚሰላበትን ቀን አስቆርጡ።